የላስ ቬጋስ መብራትና የተዘለለው ሒሳብ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ ላስ ቬጋስ የወጣውን የጉዞ ጽሑፍ አራት ኪሎ ቡናዬን እየጠጣሁ አነበብሁት፤ ጸሐፊው በመብራቱ ድምቀት ተወስደው ዋናውን ነገር የዘለሉት መሰለኝ።

እኔም ከዘመዶቼ ጋር ከሎስ አንጀለስ ተነሥተን፣ የሞሃቬን በረሃ በሁለት መኪና አቋርጠን፣ በዚያች ከተማ አንድ ሌሊት አድረናል። የቤንዚን መዋጮ ያዥ የነበረው የአጎቴ ልጅ «አሥር ደቂቃ ብቻ» ብሎ የግድግዳ ሰዓትም መስኮትም ከሌለው የቁማር አዳራሽ ገባ፤ ሲወጣ ነግቶ ነበር፣ መዋጮውም አብሮት አልወጣም። (ቁርሱን የከፈልሁት እኔ ነኝ።)

ላስ ቬጋስ ባለችበት በኔቫዳ ግዛት ቁማር ሕጋዊ ከሆነ ከ1931 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቁማር ቤቱን ያቆመው ዕድል ሳይሆን ሒሳብ ነው። የአሜሪካው ሩሌት (ኳስ የሚጣልበት ባለ ቁጥር የቁማር መሽከርከሪያ) ዜሮና ድርብ ዜሮን ጨምሮ 38 ቁጥሮች ሲኖሩት፣ በአንድ ቁጥር ላይ አስይዞ ለቀናው ያስያዘው ከመመለሱ ሌላ የሚከፈለው ግን የአስያዘውን 35 እጥፍ ብቻ በመሆኑ፣ ከየ100 ዶላሩ በአማካይ 5 ዶላር ከ26 ሳንቲም ለቤቱ ይቀራል።

ከፒያሳ እስከ ካዛንቺስ በእግር ኳስ ውርርድ ቤቶች ደጃፍ ወረቀታቸውን ይዘው ለሚቆሙት ወጣቶች ሲባል፣ ጋዜጣችሁ ይህንኑ ሒሳብ በእኛው ብር አስልቶ እንዲያወጣልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከአራት ኪሎ