«አልገባም» ስንላችሁ ምን ማለታችን እንደሆነ

ደብረ ማርቆስ፣ ጥቅምት 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን

ጉዳዩ፦ በኢንተርኔት ማጣሪያ ሳጥኑ ላይ ስለሚጫኑ ደንቦች መጠን

ባለፈው ሳምንት ሁለት ደንበኞቻችን፣ አንዱ ከቡሬ አንዱ ከዚሁ ከከተማችን፣ የላኩት የእገዳ ዝርዝር (ሳጥኑ የትኛውን ግንኙነት እንዲያሳልፍ፣ የትኛውን እንዲዘጋ የሚነግሩት ደንቦች) «አልገባም» ተብሎ ተመለሰባቸው። «የእኛ ሦስት መቶ መስመር እንኳ አይሞላም፤ ሌላው ሆቴል ሺህ አስገብቶ የለም ወይ?» አሉን። ጥያቄያቸው ልክ ነው። በስልክ ለየአንዳንዱ ቆራርጠን ከምንመልስ አንድ ጊዜ ጽፈን ማስረዳቱን መረጥን።

በሳጥኑ ውስጥ ፓኬት (በኢንተርኔት የሚላክ መረጃ ተቆራርጦ የሚጓዝበት ቁራሽ) የሚለየውን ሶፍትዌር የጻፍነው እኛ አይደለንም፤ ዲፒዲኬ ከሚባለው ነጻ የሶፍትዌር ስብስብ የተወሰደ ላይብረሪ (ሌላ ፕሮግራም ውስጥ ገብቶ የሚሠራ ዝግጁ ኮድ) ነው። እያንዳንዱ ፓኬት ሲያልፍ አምስት ነገር ይነበብበታል፦ የፕሮቶኮሉ (የመላኪያ ስልቱ) ቁጥር፣ የላኪውና የተቀባዩ አድራሻ፣ የሁለቱም ፖርት (በአድራሻው ላይ አገልግሎቱን የሚለይ ቁጥር)። እያንዳንዱን መስክ እንለዋለን። በአይፒ አራት (በቆየው የኢንተርኔት አድራሻ ዓይነት) ይህ ሁሉ ተደምሮ 13 ባይት ብቻ ነው።

ላይብረሪው ግን በራሱ ቁና ነው የሚሰፍር። የመጀመሪያው መስክ የግድ አንድ ባይት መሆን አለበት፤ የቀረው በአራት በአራት ባይት ይመደባል። ሁለቱ ፖርቶች ሁለት ሁለት ባይት ስለሆኑ ተጎራብተው አንድ ቁና ይሞላሉ፤ የአይፒ አራት አድራሻም ልክ አንድ ቁና ነው። የአይፒ ስድስት (የአዲሱና የረጅሙ ዓይነት) አድራሻ ግን 16 ባይት ስለሆነ አራት ቦታ ተቆርጦ ይገባል። አምስት መስክ የነበረው ደንብ አሥራ አንድ ይሆናል ማለት ነው። ለአንድ ደንብ እስከ 64 መስክ ስለሚፈቀድ በዚህ በኩል አንቸገርም።

የሚያስቸግረን ሚሞሪው ነው። ደንቦቹ ከላይ ወደ ታች እንደ መዝገብ አይነበቡም፤ ላይብረሪው አስቀድሞ ቅርንጫፍ ያለው ዛፍ ይሠራባቸዋል፣ ፍጥነቱም ከዚያ ይመጣል። አጀማመራቸው የሚመሳሰል አድራሻዎች አንድ ቅርንጫፍ ይጋራሉ። «ከየትኛውም አድራሻ፣ ከ1024 እስከ 65535 ያለ ፖርት ሁሉ» የሚል ደንብ ግን ከሌሎቹ ጋር እየተደራረበ ቅርንጫፉን ያባዛዋል። ስለዚህ የመስመር ብዛት አያታልላችሁ፤ ሥርዓት ያለው ሺህ መስመር ከተደራረበ ሦስት መቶ ያነሰ ቦታ ሊይዝ ይችላል። የሚሞሪ ጣሪያ ሲወሰንበት ላይብረሪው ደንቦቹን ለትንንሽ ዛፎች ይከፋፍላል፤ ቦታ ይቆጥባል፣ ግን ፓኬቱ በየዛፉ ማለፍ ስላለበት ይዘገያል። እንዲያም ሆኖ ካልበቃ አልገነባም ይላል።

እዚህ ላይ የራሳችንን ጥፋት እንናገር። መስከረም ላይ የአንድ እንግዳ ማረፊያ ዝርዝር ስናድስ አሮጌውን ደንብ አጥፍተን ነበር አዲሱን መገንባት የጀመርነው። ግንባታው ከጣሪያው አልፎ ከሸፈ፤ ሳጥኑም ደንብ አልባ ስለሆነ ሁሉንም ዘጋ። ማታ ሁለት ሰዓት ነው። እንግዶቹ በረንዳ ላይ ቆመው ስልካቸውን ከፍ ዝቅ ያደርጋሉ፤ የእኛ ቴክኒሻን ላፕቶፑን እንግዳ መቀበያው ላይ ዘርግቶ መስመር በመስመር ይፈትሻል። ያገኘው «ከየትም ወደ የትም» የሚል ደንብ ነበር፤ የፖርቱ ቁጥር ትንሽ ትንሽ እየተለዋወጠ አሥራ አንድ ጊዜ ተጽፏል። የጻፍነውም እኛው ነን።

ከዚያ ወዲህ አዲሱን ከአሮጌው ጎን እንገነባለን፤ ተሠርቶ ሲያልቅ ብቻ እንቀይራለን። ሁለቱ ለጥቂት ጊዜ አብረው የሚቆሙበት ቦታ ስለሚያስፈልግ ጣሪያውን ዝቅ አድርገነዋል። ትናንት ይገባ የነበረው ዛሬ አልገባም የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። «አልገባም» ሲላችሁ አሮጌው ማጣሪያ ሥራውን አላቋረጠም፤ አትደንግጡ።

ትልቅ ሳጥን ግዙ ብንላችሁ ለእኛ ገበያ ነበር፤ ለአብዛኞቻችሁ ግን አያስፈልግም። ተከታታይ የሆኑ 256 አድራሻዎችን በ256 መስመር አትጻፉልን፤ 192.168.10.0/24 ብሎ አንድ መስመር ይበቃል። አይፒ ስድስት የማትጠቀሙ ከሆነ ደንቡን አውጡት። የማታውቁትን ፖርት «ለማንኛውም» ብላችሁ አትክፈቱ፤ በየዝርዝሩ የምናየው ትልቁ ሆዳም እሱ ነው።

ዝርዝራችሁን እስከ ጥቅምት 30 ቀን ድረስ ብትልኩልን እኛው አጥርተን እንጭንላችኋለን። ክፍያ የለውም።

ከሰላምታ ጋር
የቴክኒክ ክፍል