ካንተ ካርቶን የወጣች ገመድ

ወንድም ዓለም፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ሰባት ዓመት ድምፁን አጥፍቶ የኖረ ሰው እንዲህ ባለ ወግ ሲጀምር እንደምትስቅ አውቃለሁ። ለዝምታዬ የማቀርበው ምክንያት የለኝም። መጀመሪያ ነገ እጽፋለሁ አልኩ፤ ነገው ወር ሆነ፣ ወሩ ዓመት ሆነ፣ ከዚያ በኋላ መዘግየቱ ራሱ አሳፈረኝና ጭራሹን ተውኩት። ዛሬም ብዕር ያስነሣኝ ናፍቆት ብቻ አይደለም። ንብረትህን አበላሽቻለሁ፤ ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከእኔው ስማው ብዬ ነው።

ስትሄድ እኔ ዘንድ ያስቀመጥካት ካርቶን ትዝ ትልሃለች? በላይዋ በወፍራም ቀለም «አትንኩ፣ እመለስበታለሁ» ብለህ የጻፍክባት። ቃልህን አክብሬ ሰባት ዓመት አልነካኋትም፤ ቤት ስቀይር እንኳ ከዕቃዎቼ ሁሉ በፊት የምጭነው እሷን ነበር። ያስከፈቱኝ ልጆቹ ናቸው። ትልቁ 16 ዓመት ሆኖታል፣ ትንሿ 14። አንድ ማታ ሁለቱም ተስማምተው መጡና (ሲስማሙ ካየሁ ገንዘብ ሊጠይቁኝ እንደሆነ ወዲያው ይገባኛል) የጌም ኮምፒውተር ፎቶግራፍ አሳዩኝ። ጎኑ መስታወት ነው፤ ውስጡ ቀስተ ደመና የታሰረበት ይመስላል። ዋጋውን አየሁና ስልኩን መለስኩላቸው። «ራሳችን እንገጣጥማለን» የሚለው ቃል ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። መቼም ታውቀኛለህ፤ ያኔ አንተ ስትገጣጥም የእኔ ሥራ የእጅ ባትሪ ይዞ መቆም ነበር። እሱንም ቢሆን «ቀጥ አድርገህ ያዝ» እያልክ ትቆጣኝ ነበር።

ልጅህ 13 ዓመት እንደሞላትና ይኸው ጥያቄ አንተም ቤት እንደገባ ከእህትህ ሰምቻለሁ። ስለዚህ ወደ ጥፋቴ ከመድረሴ በፊት የተማርኩትን ልንገርህ። አንተ ይህን ነገር ከተውከው ወዲህ ብዙ ተለውጧል፤ ደግሞም አንድ ጊዜ እንኳ እኔ ላስተምርህ።

እኔ የጀመርኩት ከዕቃ ዋጋ ነበር። መጀመር የነበረብኝ ግን ከጨዋታው ነው። ትልቁ የሚጫወተው ካውንተር ስትራይክ 2 እና ቫሎራንት ነው፤ ትንሿ ማይንክራፍት ትወዳለች፣ በቀረው ጊዜ ሥዕል ትሥላለች። ከእነዚህ ውድ ግራፊክስ ካርድ (የጌሙን ምስል የሚሠራውን ዕቃ) የሚጠይቅ የለም፤ 1920 በ1080 በሆነ ስክሪን ላይ ልከኛ ዕቃ በበቂ ፍጥነት ያጫውታቸዋል። ያስቸገረኝ ሌላ ነው። ገንዘብ ለመቆጠብ በዊንዶውስ ፋንታ በነፃ የሚገኘውን ሊኑክስን ልጭን አስቤ ነበር። የጌም ኩባንያው ቫልቭ እ.ኤ.አ. በ2018 ፕሮቶን የተባለውን ሶፍትዌር ካወጣ ወዲህ ለዊንዶውስ የተሠሩ እጅግ ብዙ ጌሞች ሊኑክስ ላይ ይሠራሉ። ቫሎራንት ግን የማጭበርበር መከላከያው አይፈቅድለትም። በዊንዶውስ 11 ላይ እንኳ ቲፒኤም 2.0 እና ሴኪዩር ቡት የሚባሉት የኮምፒውተሩ የደኅንነት መጠበቂያዎች ካልተከፈቱ አላስገባም ይላል። ዊንዶውስ 10 ደግሞ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 የማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፍ አብቅቶለታል። ልጅህ ምን እንደምትጫወት ሳትጠይቅ አንድ ብሎን እንኳ አትግዛ የምልህ ለዚህ ነው።

ከቢሮ የወጣ አሮጌ ኮምፒውተር ገዝቶ ግራፊክስ ካርድ መጨመርም አንድ መንገድ ነው፤ ርካሽነቱን አልክድም። ነገር ግን የብዙዎቹ ኃይል የሚያቀብለው ፓወር ሰፕላይና ዕቃው ሁሉ የሚሰካበት ማዘርቦርድ ለዚያው ሣጥን ብቻ የተቀረጸ ስለሆነ ነገ በሌላ ልተካ ብትል አይገጥምም። ቀጫጭኖቹ ደግሞ ቁመቱ ያጠረ ካርድ ብቻ ነው የሚቀበሉት፣ ያውም ከማዘርቦርዱ መሰኪያ በሚያገኘው 75 ዋት የሚያድር። የኢንቴል ፕሮሰሰሩ ከስምንተኛው ትውልድ በፊት ከሆነም ዊንዶውስ 11 በይፋ አይቀበለውም። ለትንሿ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን ያ ይበቃን ነበር።

ከገንዘቡ ሲሶውን፣ ከተቻለ ከዚያም በላይ፣ ለግራፊክስ ካርድ መድብ። ኢቴሪየም የሚባለውን ዲጂታል ገንዘብ የሚያመርቱ ሰዎች ካርዶቹን ከገበያ እየለቀሙ ዋጋቸውን ሰማይ ያደረሱበትን ጊዜ ሳትሰማ አትቀርም። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 2022 ላይ ኢቴሪየም አሠራሩን ለውጦ ካርድ የማያስፈልገው ሲሆን ያ ሁሉ ዕቃ ተመልሶ ገበያ ላይ ፈሰሰ። ሰዎች እንዲህ ያለውን ካርድ ተላላፊ በሽታ እንዳለበት ሁሉ ይሸሹታል። እኔ አልሸሸሁም። ቀንና ሌሊት በሠራ ካርድ ላይ ቀድመው የሚደክሙት ማራገቢያውና በቺፑ ላይ የተቀባው ቅባት ናቸው፤ ሁለቱም ይለወጣሉ። የገዛነው ራዲዮን አርኤክስ 6600 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ፣ 8 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው፣ 132 ዋት ብቻ የሚበላ። ከእሱ የረከሰ አርኤክስ 580 ቀርቦልን ነበር። እሱ ግን እ.ኤ.አ. የ2017 ዕቃ ነው፤ 185 ዋት እየበላ ሥራው ያንሳል። ሻጩ ፊት ከባድ ጌም ከፍተን ግማሽ ሰዓት ቆየን። ትልቁ ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ ወይም የተሰባበረ ምስል እንዳለ ያያል፣ ትንሿ ጆሮዋን ወደ ማራገቢያው አስጠግታ ታዳምጣለች። ሻጩ በጣም ተሰላችቶ ነበር። እኔ ግን ሁለቱ እንዲህ ተባብረው ሲሠሩ አይቼ አላውቅምና ግማሽ ሰዓቱ ባያልቅ ደስ ባለኝ።

ፕሮሰሰሩም ያገለገለ ነው፤ ራይዘን 5 5600፣ ስድስት ኮር፣ 65 ዋት። አዲሱን ትውልድ የተውኩት ኤኤም4 የሚባለው መሰኪያ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ያለ ስለሆነ ማዘርቦርዱ እንደልብ ስለሚገኝ ነው። አንድ ነገር ብቻ አጣራ፦ አሮጌ ማዘርቦርድ ባዮሱ (ሲበራ የሚያስነሣው ሶፍትዌር) ካልታደሰ ይህን ፕሮሰሰር አያውቀውም። የኢንቴል ኮር አይ3 12100ኤፍ ብታገኝም አይክፋህ፤ ባለ አራት ኮር ቢሆንም ለእነዚህ ጌሞች አያንስም። ራም 16 ጊጋባይት ይበቃል፤ ግን ሁለት ባለ 8 ይሁን። አንድ ባለ 16 ከሰካህ ሁለት መንገድ እያለው በአንዱ ብቻ ይጋፋል። ዋጋው ከ2025 መጨረሻ ወዲህ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት እየተሻሙበት እጅግ ንሯል፤ ከአሮጌ ኮምፒውተር የወጣ ዲዲአር4 ራም ካገኘህ አታሳልፈው። ኬዙ የፊቱ ወንፊት የሆነ፣ አየር የሚያስገባ ርካሽ ሣጥን ነው። መብራት የለውም። ትልቁ ሁለት ቀን አኮረፈኝ።

ያገለገለ አልገዛም ያልኩት ፓወር ሰፕላይ ብቻ ነው። ባለ 550 ዋት፣ ዋስትና ያለው አዲስ ገዛሁ። 80 ፕላስ የሚለውን ምልክት ብቻ አይተህ አትታለል፤ ምልክቱ የሚነግርህ ከሚስበው ኤሌክትሪክ ምን ያህሉን ሳያባክን እንደሚያቀብል ነው እንጂ ሲበላሽ ሌላውን ዕቃ ይዞ እንደማይሄድ አይደለም። እንግዲህ አስተውል፤ ጉዱ የመጣው ይህን ያህል በተጠነቀቅኩበት ዕቃ በኩል ነው፣ ጥፋቱ ግን የእሱ አልነበረም።

የመገጣጠሚያው ቀን ጠረጴዛውን ባዶ አድርገን ተቀመጥን። እጄ እንደምታውቀው ይንቀጠቀጣል፤ ስለዚህ ወደ ድሮው ሥራዬ፣ ወደ ባትሪ ያዥነቴ ተመለስኩ። ፕሮሰሰሩን ያስገባችው ትንሿ ናት። ጥጉ ላይ ያለውን ትንሽ ሦስት ማዕዘን ከመሰኪያው ምልክት ጋር አስተያይታ ለቀቀችው፤ ሳትጫነው በራሱ ክብደት ገባ። ካንተ ካርቶን ያወጣነው ቴርማል ፔስት (በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባው ቅባት) ድንጋይ ሆኖ ነበርና አዲስ ገዝተን የአተር ፍሬ የምታህል ጠብ አደረገች። ትልቁ ማዘርቦርዱን በብሎን አስሮ ከጨረሰ በኋላ ከኋላ በኩል አስቀድሞ መግባት የነበረበት የወደቦቹ መከለያ ብረት ጠረጴዛው ላይ ተኝቶ አየነው። ብሎኑን ሁሉ መልሶ ፈታ። አልተቆጣሁትም፤ አንተም ያኔ ሁለት ጊዜ እንደረሳኸው ነገርኩት።

አሁን ወደ ኑዛዜዬ ልምጣ። ካርቶንህ ውስጥ ከካቻቢቴህና ከአንድ ከረጢት ገመድ ጋር ያ 250 ጊጋባይት ኤስኤስዲህ፣ ፋይል ማስቀመጫ ዲስክህ፣ ነበረ። ትንሿ ለጌም ማስቀመጫ ይሁነኝ አለች። «አይሆንም፣ መጀመሪያ ውስጡ ያለውን ገልብጠን ለባለቤቱ እናስቀምጣለን» አልኩ፤ አደራ ጠባቂ በመሆኔ ደረቴ ተነፍቶ ነበር። የአዲሱ ፓወር ሰፕላይ የሳታ ገመድ (ለዲስኩ ኃይል የሚያደርሰው) አልደርስ አለ። ከከረጢትህ ውስጥ ረዘም ያለ አገኘሁ፤ ጫፉ ልክክ ብሎ ገባ። ልክክ ስላለ ትክክል መሰለኝ። አበራነው። ክብሪት ሲጫር የሚሰማ የመሰለ ድምፅ፣ ከዚያ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ።

ማንበብ የነበረብኝን ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። የገመዱ በዲስኩ በኩል ያለው ጫፍ በሁሉም ዘንድ አንድ ነው፤ በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለውን ግን እያንዳንዱ አምራች እንደፈቀደ ነው የሚደረድረው። አንዱ ጋ 5 ቮልት የሚወጣበት ቀዳዳ ሌላው ጋ 12 ሊሆን ይችላል። የአንድ አምራች ሁለት ሞዴሎች እንኳ የማይስማሙበት ጊዜ አለ። 5 ቮልት ለሚጠብቀው ዲስክህ 12 አጎረስኩት ማለት ነው። ሌላው ዕቃ ተረፈ። የከረጢቱን ገመድ ሁሉ ቆራርጬ ጣልኩት፤ ያንንም ሳላስፈቅድህ። አንተ ቤትም ገመዱ የሚነቀል ፓወር ሰፕላይ ከገባ፣ አብሮት ያልመጣ ገመድ አጠገቡ እንዳይደርስ።

ዲስኩን ነቅለን ስናበራ ማራገቢያው ሁሉ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። ሁሉንም አቃጠልኩት ብዬ ላብ አጠመቀኝ። አንድ ሰዓት ሙሉ ራም ስናወጣ ስናስገባ ቆየን። በመጨረሻ ትንሿ ወደ ኋላ ዞራ የስክሪኑን ገመድ ከማዘርቦርዱ ነቀለችና ግራፊክስ ካርዱ ላይ ሰካችው። ያ ፕሮሰሰር የራሱ ግራፊክስ የለውም፤ እኔ ነበርኩ እዚያ የሰካሁት። ራሙም ባዮስ ውስጥ ኤክስኤምፒ የሚባለው እስኪከፈት ድረስ ከገዛነው ፍጥነት በታች ይሠራ እንደነበር ያወቀችው እሷ ናት። ከሳምንት በኋላ ደግሞ ምስሉን በሰከንድ 144 ጊዜ የሚያድሰው ባለ 144 ኸርዝ ስክሪናችን በ60 እየሠራ እንደነበር ደረሰችበት፤ ዊንዶውስ ቅንብር ውስጥ ገብተን መለወጥ ነበረብን። ትልቁ በዚያ ሳምንት የተሸነፈውን ሁሉ በዚህ አመካኘ።

ዲስክህን አልጣልኩትም። አንድ ጠጋኝ አይቶት፣ የተቃጠለው የኃይል መግቢያው አካባቢ ብቻ ከሆነ ፋይሎቹ ሊወጡ ይችሉ ይሆናል ብሎኛል። ያለ ፈቃድህ ግን ሁለተኛ አላስነካውም። ምን እንደነበረበት ጻፍልኝ። ምንም ካልነበረበትም ምንም አልነበረበትም ብለህ ጻፍልኝ፤ እስከዚያው መሳቢያዬ ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቆይሃል።

ካቻቢቴህን ግን እርሳው። ትንሿ ጫፉ ማግኔት መሆኑን ካየች ጀምሮ ከኪሷ አልወጣም። ልጅህ መገጣጠም የምትጀምርበትን ቀን ንገረኝ ብላለች፤ ይዛው ትመጣለች፣ ይዛው ትመለሳለች።

ያው ባትሪ ያዥህ