ከኮሚናላችን አንድ ክፍል ለልጆቻችን

ጎረቤቶቼ፣

ባለፈው ዓመት ግቢያችን ውስጥ ሠርግ የነበረ ዕለት ልጄ ጠፍቶብኝ ነበር። ጭፈራውን ትታችሁ ፈለጋችሁልኝ። ከውሃ ሮቶው ጀርባ ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ ተቀምጦ ያገኛችሁት እናንተ ናችሁ። ያን ቀን ደንግጬ ስለነበር በወጉ አላመሰገንኳችሁም። ለምን እንደተደበቀም አላስረዳኋችሁም። ዛሬ ሁለቱንም ላድርግና አንድ ነገር ልለምናችሁ።

ልጄ ስድስት ዓመቱ ነው። ጆሮው ተመርምሯል፤ ደህና ይሰማል። ችግሩ አንጎሉ የሚሰማውን፣ የሚነካውንና የሚያሸተውን ነገር በሚቀበልበት መንገድ ላይ ነው። እኛን የሚያስጨፍረን ስፒከር እሱን ያመዋል። የካልሲ ስፌት እንደ እሾህ ይወጋዋል። የፀጉር መቁረጫው ማሽን ገና ሲነሳ ይንቀጠቀጣል። እንጀራ እጁ ላይ ሲጣበቅበት ምግቡን ትቶ ይነሳል፤ ድርቆሽ ሲሆን ግን ጥርግ አድርጎ ይበላል። ይህን እስክደርስበት ድረስ ስንት ቀን እያስለቀስኩ እንዳጎረስኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

ዘመድ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጭንቅ ነው። በእኛ ወግ ልጅ ይሳማል፣ ፀጉሩ ይዳበሳል፣ ጉንጩ ይቆነጠጣል። ሲሸሽ “ምነው፣ ሰው አይወድም እንዴ?” ይባላል። ይወዳል። የሚያስደነግጠው ድንገት የሚመጣና ለስለስ ያለ ንክኪ ነው። እጃችሁን ዘርግታችሁ ብትጠብቁት ራሱ ይመጣል። ከመጣ በኋላ ጥብቅ አድርጋችሁ ብታቅፉት ደግሞ ልቀቁኝ አይልም።

የሦስተኛ ፎቋ ልጅ ግን የእሱ ተቃራኒ ናት። ይህን የምጽፈው እናቷን አስፈቅጄ ነው። ከደረጃ ላይ ትዘላለች፣ ከግድግዳ ጋር ትጋጫለች፣ የሹራቧን እጅጌ ታኝካለች። ጉልበቷ ተልጦ እንኳን አታለቅስም። ሰፈሩ “ቀዥቃዣ” ይላታል። ከሰውነቷ የሚደርሳት መልእክት ደካማ ስለሆነ ነው ተጨማሪ የምትፈልገው። መዝለሏ፣ መጋጨቷ ያን ፍለጋ ነው።

ትምህርት ቤት የተማርነው አምስት የስሜት ሕዋሳት እንዳሉን ነው። ሌሎችም አሉ። ሚዛናችንን የሚጠብቅልን በውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ነው። ጡንቻዎቻችንና መገጣጠሚያዎቻችንም እጅ እግራችን የት እንዳለ ሳናይ ይነግሩናል። መብራት በጠፋበት ማታ እንኳን ጉርሻ አፋችንን የማይስተው ለዚህ ነው። ረሃብን፣ ጥማትንና ሽንት መምጣቱን የምናውቅበትም አለ። ይህ ሁሉ መልእክት በየሰከንዱ ወደ አንጎል ይጎርፋል። ብዙዎቻችን ሳናስበው የማያስፈልገውን ወደ ጎን እንተዋለን። እነዚህ ልጆች ግን ሁሉም እኩል ይጮህባቸዋል፣ ወይም በቅጡ አይደርሳቸውም።

ጉዳዩን ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምራ ያጠናችው ጂን አይረስ የተባለች አሜሪካዊት ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ናት፤ ሰዎች እንደ መብላትና መልበስ ያለውን የዕለት ተዕለት ነገር ራሳቸው ማድረግ እንዲችሉ የምትረዳ ባለሙያ ማለት ነው። ባለሙያዎች ዛሬም ይከራከሩበታል። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ራሱን እንደቻለ ሕመም አልመዘገበውም። ለድምፅ ወይም ለንክኪ ከልክ ያለፈ ወይም ያነሰ ምላሽ መስጠትን ግን ከኦቲዝም ምልክቶች ጋር አስገብቶታል። ኦቲዝም የሌለባቸው ልጆች ላይም ይታያል። ስሙን ሊቃውንቱ ይጨርሱት። የልጄ ለቅሶ ግን ስም እስኪወጣለት አይጠብቅም።

በአገራችን ስለ ኦቲዝም በአደባባይ እንድንናገር መንገድ ከከፈቱት አንዷ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ነበሩ። ለገዛ ልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት ቢያጡ በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ውስጥ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። ዛሬ በሕይወት የሉም፤ እኛ ወላጆች ግን ውለታቸው አለብን። እንዲህ ያሉ ማዕከሎች አሁንም ጥቂት ናቸው፣ ወረፋ የሚጠብቀው ብዙ ነው። ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ማግኘትማ በጣም ከባድ ነው።

እስከዚያው ምክር አላጣሁም። “ቡዳ ነው” ተብያለሁ። “ቁንጥጫ ነው የጎደለው” ተብያለሁ። አንድ ትምህርት ቤት ረባሽ ነው ብሎ መልሶልኛል። ጠበልም ወስጄዋለሁ፤ እምነቴ ነው። ቀዝቃዛው ውሃ ሲወርድበት እንዴት እንደጮኸ አልረሳውም። ካህኑ አዩትና ማፍሰሱን ትተው እጃቸውን ነክረው መጀመሪያ መዳፉን፣ ከዚያ ክንዱን፣ በመጨረሻ ግንባሩን ቀስ እያሉ አበሱት። ዝም አለ። ስለ ስሜት ሕዋሳት ማንም አላስተማራቸውም፤ ልጁን አይተው ነው ያወቁት።

ልመናዬ ይኸው። ከኮሚናሉ ክፍሎች አንዱ ድሮ ልብስ ማጠቢያ ነበር፤ አሁን የተሰባበረ ወንበር ሞልቶበታል። የግቢያችን ኮሚቴ ለልጆቹ እንድናደርገው ፈቅዷል። ልጆች ሲጨንቃቸው የሚረጋጉበት፣ ጉልበት ሲተርፋቸው ደግሞ የሚያወጡበት ክፍል እንዲሆን እንፈልጋለን። ጣሪያው ላይ ጠንካራ ብረት ተበይዶ ዥዋዥዌ ይሰቀላል። ወለሉ ላይ ወፍራም ስፖንጅ ይነጠፋል። የሚርገበገበው መብራት ወጥቶ ለዓይን የሚቀል ይገባል። ድምፅና ብርሃን የሚቀንስ ወፍራም መጋረጃ፣ አንድ ልጅ ገብቶ የሚቀመጥባት ትንሽ ድንኳን፣ እጅ የሚነከርበት የባቄላና የአሸዋ ሣጥንም ይኖራሉ። ባቄላ ሞልተን ጭናቸው ላይ የምናስቀምጠውን ከረጢት እኛ እናቶች ከአቡጄዲ እንሰፋዋለን።

ክፍሉ ሐኪም አይተካም፤ ያድናል ብዬም አላታልላችሁም። አንዲት ፊዚዮቴራፒስት በወር ሁለት ጊዜ በነፃ መጥታ ልታየን ቃል ገብታለች። ያለ ወላጅ ልጅ አይገባም። የማንም ልጅ ግን መግባት ይችላል።

ለሁሉም 185 ሺህ ብር ያስፈልገናል። ትልቁ ወጪ ብየዳውና ስፖንጁ ነው። ስድስት ቤተሰቦች 40 ሺህ ብር አዋጥተናል። የእሁድ እቁባችን ደግሞ አንድ ዙር ሊለቅልን ተስማምቷል፤ እግዜር ይስጥልን። የቀረውን ከእናንተ ነው የምንጠብቀው። መቶ ብርም መቶ ብር ነው። ሒሳቡ የሚንቀሳቀሰው በሦስት ሰው ጣምራ ፊርማ ነው፤ ቁጥሩ ጥበቃ ቤቱ በር ላይ ተለጥፏል። የገዛንበትን ደረሰኝም በየወሩ እዚያው እንለጥፋለን።

ገንዘብ ለማይመቻችሁ ሌላም አለ። ብየዳ የምትችሉ አንድ ቀን ስጡን። ትርፍ ፍራሽ፣ ምንጣፍ ወይም መጋረጃ ያላችሁ አትጣሉት። ቤታችሁን አከራይታችሁ ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ድምፅ የሚቀንስ የልጆች የጆሮ መሸፈኛ በሰው እጅ ብትልኩልን ትልቅ ነገር ነው። እዚህ ፈልገን አጥተናል።

አንዱ ግን ምንም አያስወጣም። ድንኳን ስትተክሉ ስፒከሩን ወደ መንገዱ አዙሩልን፣ ከአንድ ቀን በፊትም ንገሩን። እኛም ልጆቹን እናዘጋጃለን።

ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ክፍሉን ባዶ ማድረግ እንጀምራለን። ወንበሮቹ የማን እንደሆኑ አላወቅንም፤ ባለቤቶቹ እስከ ዓርብ ድረስ ብትወስዱልን ደስ ይለናል። የቀሩትን ወደ ውጭ የሚገፋልን ልጄ ነው። ከባድ ነገር ሲገፋ ይረጋጋል።