ሁለት ጣት ትርፍ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። በስልክ ልነግርዎ ስል እየጠፋብኝ ነው በወረቀት ጽፌ ፎቶውን በቴሌግራም የላክሁት። እታለም ታነብልዎታለች። እታለም፣ ምንም ሳታስቀሪ አንብቢላቸው።

መጀመሪያ የዓይንዎን ነገር። ጠብታው በሰዓቱ ነው የሚደረገው፣ ሲያሳክክ ብቻ አይደለም። ጎንበስ ማለት ተከልክለዋል። ስግደቱንም ለጊዜው ይተዉት፤ ማርያም አትቀየምዎትም። ሁለተኛው ዓይን እስኪሠራ ድረስ ሌሊት ያለ ባትሪ ወደ ጓሮ እንዳይወጡ።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ማሙሽ ረዝሟል። ሰሞኑን የሃሎዊን ወሬ ብቻ ነበር፤ ልጆች የሚያስፈራ ልብስ ለብሰው በየቤቱ ከረሜላ የሚለምኑበት የፈረንጆች በዓል ነው። የምንኖርባት አኖካ፣ አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ፣ 18 ሺህ ያህል ሰው ያላት ትንሽ ከተማ ናት፤ ግን ራሷን «የዓለም የሃሎዊን ዋና ከተማ» ትላለች። ጥቅምት ሲገባ በየደጁ ዱባ ተፈልፍሎ መብራት ይገባበታል፣ በየዛፉ አጽም ይንጠለጠላል። ነገሩ የተጀመረው በፈረንጆቹ 1920 ነው። የዚያን ጊዜ ጎረምሶች በሃሎዊን ሌሊት ላሞች ፈትተው ዋናው መንገድ ላይ ይለቁ፣ የሰው ሽንት ቤት ይገለብጡ ነበር። የከተማው ትልልቅ ሰዎች መከሩና ዱላውን ትተው ሰልፍ አዘጋጁላቸው። እርስዎ ቢሆኑ ዱላውን ይመርጡ ነበር።

የዚህ አገር ጥቅምት ይበርዳል። በፈረንጆቹ 1991 በሃሎዊን ቀን የጀመረው በረዶ በቅርባችን ባለችው ሚኒያፖሊስ ላይ ከ70 ሳንቲ ሜትር በላይ ወርዶ ነበር፤ ዛሬም ይወራል። ስለዚህ የልጆቹ ልብስ ከጃኬት በላይ እንዲገባ ሰፋ ተደርጎ ነው የሚሰፋው። ማሙሽ ዘንድሮ አጽም ሆኗል። ነጭ ጨርቅ በአጥንት ቅርጽ ቆርጬ ጥቁሩ ላይ ሰፋሁለት። ጎድኑ ላይ ስደርስ አማተብሁ። በዚያ ላይ ቀኑ ጥቅምት 21 ላይ ነው የሚውለው፣ በማርያም። ቤተ ክርስቲያን የምንገናኝ እናቶች ገሚሶቹ የዚያን ምሽት መብራት አጥፍተው ይቀመጣሉ። እኔ ከረሜላውንም ገዛሁ፣ ሻማውንም አበራሁ። ይቆጡኝ።

እዚህ ልጆች በየቤቱ ሲዞሩ አይዘፍኑም። በር ያንኳኳሉ፣ ከረጢት ይዘረጋሉ፣ ይሄዳሉ። ማሙሽ ግን ጎረቤታችን አሮጊቷ በር ላይ ቆሞ «ሆያ ሆዬ» ብሎ ለቀቀው። እንጨት ስላልነበረው በእግሩ እየረገጠ። ቸኮላት በእፍኝ ዘገኑለት።

እርስዎ ነዎት ያስተማሩት። ለቡሄ ሰሞን በስልክ። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ እሰማ ነበር። ድምፅዎ ይንቀጠቀጣል ግን ዜማው አይስትም። አባባ፣ ሃምሳ ዓመት ሞልቶኝ እርስዎ ሲዘፍኑ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ትልቋም ደህና ናት። ትምህርቷን አልተወችም። ትያትር ገብታለች።

ይኸው፣ አልሁት። አማተር ነው፣ ማንም አይከፈለውም። የጥርስ ሐኪም ቤት የምትሠራ ሴት አለች፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ አለ፣ ጡረታ የወጣ የሂሳብ አስተማሪ አለ። ከሥራ መልስ ተሰብስበው ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ይለማመዳሉ። ሰው እያወራ ድንገት ዘፈን የሚጀምርበት ዓይነት ትያትር ነው። እሷ አንድ ዘፈን ለብቻዋ ትዘፍናለች። ኅዳር ላይ ይከፈታል።

ልብሱን የምሰፋው እኔ ነኝ። ቢያዩት ያፍሩብኛል። ከፊት የሚታየው ቁልፍ ሁሉ የውሸት ነው፤ ከሥሩ ቬልክሮ ነው። ተዋናይዋ ከመጋረጃው ኋላ ልብስ ለመቀየር ሠላሳ ሰከንድ ብቻ ነው ያላት፤ ሁለት ሰው ቀዶ እንደመጣል አድርጎ ያወልቅላታል። ገበር የለውም፤ ከሩቅ ማን ያያል። አንድ ነገር ግን እንደ እርስዎ ነው የማደርገው። ጎኑ ላይ ሁለት ጣት ትርፍ እተዋለሁ። ያው ቀሚስ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሰው ትለብሰዋለች፣ ይፈታና ይሰፋላታል። «ልጅ ያድጋል፣ ሁለት ጣት ትተሽ እጠፊው» ይሉ አልነበር?

ያንን ቀሚስም ሁለት ጣት ትቼበት ነበር።

የሌሎቹን እናቶቻቸው አሰፉላቸው። እኔ የልብስ ሰፊ ልጅ ሆኜ፣ እርስዎ ሲተኙ ከቁርጥራጭ ላይ በሲንጀሩ ሰፋሁት፤ ፔዳሉ እንዳይጮህ በባዶ እግሬ። የወላጆች ቀን ዕለት በአግዳሚዎቹ መሃል ሲመጡ አየሁዎት። ሜትሩ አንገትዎ ላይ ነበር። መድረኩ ሥር ቆሙና «ውረጂ» አሉኝ። ሌላ ቃል የለም። ዘፈኑን አልጨረስሁትም።

ቤት ስንደርስ አልመቱኝም። ምነው በመቱኝ ብዬ ነበር። ተቀመጡና ስፌቱን በምላጭ አንድ በአንድ ተረተሩት። ጨርቁን አጥፈው መደርደሪያው ላይ መለሱት። ከዚያ «ስፌቱስ ጥሩ ነበር» አሉ።

የእትዬን ነገር አውቃለሁ። እሷ ላይ የሆነው እንዳይደገም ነው ብላኝ ነበር እማዬ፣ ነፍሷን ይማርና። የዚያን ጊዜ ኪነት ማን እጅ ላይ እንደነበረም አሁን ይገባኛል። ግን ከእርስዎ አፍ አልሰማሁም። ፈርተው ነው ወይስ አፍረው? እሱን ብቻ ይንገሩኝ። አሁን የእኔም ልጅ መድረክ ልትወጣ ነው፣ ሁለቱንም እሆናለሁ።

እታለም እንደነገረችኝ ያ አረንጓዴ ጨርቅ ዛሬም መደርደሪያው ላይ ነው። ሱቁን ሲዘጉ ሁሉንም ሸጠው እሱን ወደ ቤት አመጡት አለችኝ።

ትልቋ ዘፈኗን ቀድታ እታለም ስልክ ላይ ልካለች። እንግሊዝኛ ነው፣ ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው። ከፈለጉ ትክፈትልዎ። ካልፈለጉም ግድ የለም፣ ለልጅቷ ግን ሰማሁት ይበሉልኝ።

ገና ላይ መምጣቴን ገና አላወቅሁም። ፈቃድ እየጠየቅሁ ነው። ብር አርብ ዕለት ገብቷል፤ ከሱ ላይ ለጠብታው ይቀመጥ፣ ለማኅበሩ ድግስ እንዳያወጡት።

ልጅዎ