ለሠርጉ ያስቀመጧቸው ወይኖች

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እዚህ ሐረር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ።

ይህን የምጽፈው ለወንድሜ ሠርግ ብለው ከኩሽናው ቁም ሳጥን አናት ላይ ስላቆሟቸው ወይን ጠጆች ነው። በፋሲካ የከፈትነው ጠርሙስ ቡሹ ወጣ ብሎ፣ አንገቱ ላይ ወይን ፈስሶ ደርቆ፣ ጣዕሙም እንደ ተቀቀለ ፍሬ ሆኖ ስናገኘው «ሲገዛም የተበላሸ ነበር» ብለው አዘኑ። እኔ ግን ያበላሸው ቦታው ይመስለኛል። ቀን ሲሞቅ ወይኑ እየሰፋ ቡሹን ይገፋዋል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይኮማተርና አየር ይስባል።

ለወይን የሚስማማው ከ10 እስከ 15 ዲግሪ የሚደርስ፣ ይልቁንም የማይዋዥቅ ቅዝቃዜ ነው። የድሬዳዋ ሙቀት በግንቦትና በሰኔ ከ35 ዲግሪ እንደሚያልፍ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ በቆርቆሮው ጣሪያ ሥር፣ ከምድጃው በላይ ደግሞ ይብሳል። ድርቀቱም አለ፤ ጠርሙሱ ቆሞ ሲከርም ወይኑ ቡሹን ስለማያርሰው ቡሹ ይደርቅና አየር ያስገባል፤ ስለዚህ በጎኑ መተኛት አለበት። ፍሪጅም ለጥቂት ሳምንት እንጂ ለዓመት አይሆንም፣ አየሩ ደረቅ ነውና።

እናቴ ውሃ ታቀዘቅዝበት የነበረው ትልቁ ጋን አሁንም ጓዳ ውስጥ አለ። ጠርሙሶቹን በፕላስቲክ ጠቅልለን በጋኑ ውስጥ አጋድመን እርጥብ አሸዋ ብናለብሳቸው፣ ሸክላው ላቡን እያተነነ ውሃውን ያቀዘቅዝ እንደነበረው ሁሉ እነርሱንም ያቀዘቅዛል፤ በደረቅ አገር ትነቱ ፈጣን ስለሆነ ይህ ዘዴ የተሻለ ይሠራል። 15 ዲግሪ ያደርሳል አልልዎትም፤ የቀኑን ሙቀት ግን ይሰብራል። አሸዋው እንዳይደርቅ ጠዋት ጠዋት ውሃ ማርከፍከፍ ብቻ ነው።

ሠርጉ ከመጪው ዓመት የሚያልፍ ከሆነ ግን፣ አባቴ፣ በገና አብረን ብንጠጣቸው እመርጣለሁ፤ አብዛኛው ወይን በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዲጠጣ የተሠራ ነው እንጂ በመክረም የሚጣፍጠው ጥቂቱ ነው። የሚቆዩ ከሆነ ሐረር ከድሬዳዋ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ስለሚል ከጋኑም ይልቅ ከእኔ ቤት ቢቀመጡ ይሻላል። ቅዳሜ እመጣለሁ፤ እሑድ ማለዳ ፀሐይ ሳይበረታ ይዣቸው ወደ ሐረር የሚያወጣውን የደንገጎን ዳገት እወጣለሁ።

እስከዚያ ከአልጋዎ ሥር፣ ሲሚንቶው ላይ በጎናቸው ይተኙ። ለማውረድ ግን እባክዎ ወንበር ላይ አይውጡ፤ የጎረቤት ልጅ ጠርተው ያስወርዱ።

ልጅዎ