ከሜጋ ዋት ጋር ኢነርሺያም ይለካ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ስለ ነፋስና ስለ ፀሐይ ኃይል ሲጻፍ የሚነሣው የሜጋ ዋት ብዛት ነው፤ የመረቡ ኢነርሺያ (ተሽከርካሪ ማሽኖቹ በመዞር ያከማቹት ጉልበት) ግን ሲጠቀስ አይታይም። እኛ ጎንደሮች መብራት ሲጠፋ ዓይናችን ወደ ሰፈሩ ትራንስፎርመር ይሄዳል (ብዙ ጊዜ ጥፋቱም እዚያው ነው)፤ የብሔራዊው መረብ ጉዳይ ግን ከዚያ ይሰፋል። እንደ ጣና በለስና ተከዜ ያሉ ማመንጫዎች ከባድ ተሽከርካሪ ክፍል፣ ሞተሩ ከጠፋም በኋላ ጥቂት እንደሚዞር የወፍጮ ድንጋይ፣ ያከማቸውን ጉልበት ለመረቡ እየሰጠ ከ50 ኸርዝ የሚወርደውን ድግግሞሽ (ጅረቱ በሰከንድ የሚመላለስበትን ብዛት) ያዘገየዋል፤ በኢንቨርተር (ቀጥተኛ ጅረትን ወደ ተለዋዋጭ በሚቀይር መሣሪያ) የሚገናኙት የፀሐይና የብዙዎቹ የነፋስ ማመንጫዎች ግን ይህን በራሳቸው አይሰጡም።

ለምሳሌ የተከማቸው ጉልበት 10,000 ሜጋ ዋት ሰከንድ ሆኖ 200 ሜጋ ዋት በድንገት ቢጎድል፣ ድግግሞሹ መውረድ የሚጀምረው በሰከንድ 0.5 ኸርዝ ነው፤ ጉልበቱ በግማሽ ቢያንስ 1 ኸርዝ ይሆናል፤ ተርባይኖቹ ተጨማሪ ውኃ እስኪያገኙ ድረስም አውቶማቲክ መከላከያው አንዳንድ አካባቢዎችን ሊቆርጥ ይችላል።

ይህ ጉልበት በቆጣሪ አይነበብም። በሥራ ላይ ያሉትን ማሽኖች መደመር ቢቻልም የፋብሪካ ሞተሮች ድርሻ ይቀራል፤ ስለዚህ ማመንጫ በተቋረጠ ቁጥር ድግግሞሹ የወረደበትን ፍጥነት በጂፒኤስ ሰዓት በተናበቡ መለኪያዎች መዝግቦ ወደ ኋላ ማስላት ያስፈልጋል። ወደ ኬንያ የሚሄደው የ500 ኪሎ ቮልት መስመር ቀጥተኛ ጅረት ስለሆነ የጎረቤት ኢነርሺያ አያመጣልንም፤ በመተማ ወደ ሱዳን የሚዘልቀው ግን ተለዋዋጭ ጅረት በመሆኑ ሲገናኝ ሁለቱን መረቦች በአንድ ድግግሞሽ ያስራል። ከመለኪያዎቹ አንዱ ጎንደር ማከፋፈያ ጣቢያ ላይ ቢተከል ተገቢ ነው ባይ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ ከጎንደር