ለጥር ሙሽሮች፦ የደሴት ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ነፋሱን ጠይቁ

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

የሠርግ ወቅት በተቃረበ ቁጥር ሲሸልስንና ማልዲቭስን ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ የማይጠፋባቸው አድርገው የሚያቀርቡ የጉዞ ማስታወቂያዎች ይበዛሉ። ስለ ሙቀቱ የተባለው እውነት ነው። ሁለቱም አገሮች ከምድር ወገብ 4 ዲግሪ ገደማ ብቻ ስለሚርቁ፣ ከታኅሣሥ እስከ ታኅሣሥ ሙቀቱ ከ24 እስከ 32 ዲግሪ ነው። ያሳሰበን ሳይነገር የሚቀረው ነገር ነው። እዚያ ወቅት የሚለየው በሙቀት ሳይሆን በነፋስ ነው። ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ሳይጠይቅ የሄደ ሙሽራ ለዓመታት ያጠራቀመውን ገንዘብ ከፍሎ፣ ከመስኮት ሥር ተቀምጦ ዝናብ ሲያይ ሊሰነብት ይችላል።

ነገሩ ከእኛው ክረምት ጋር የተሳሰረ ነው። የዝናቡ ቀበቶ ፀሐይን እየተከተለ በዓመት አንዴ ወደ ሰሜን፣ አንዴ ወደ ደቡብ ይመላለሳል። ከሰኔ እስከ መስከረም ወደ ሰሜን ሲወጣ እኛ ጋ ክረምት ይሆናል፤ ከምድር ወገብ በስተደቡብ ያለችው ሲሸልስ ግን ያን ጊዜ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ይነፍስባታል። ይኸው ነፋስ የምድር ወገብን ተሻግሮ፣ በሶማሊያ ጠረፍ በኩል ታጥፎ፣ በዐረብ ባሕር ላይ እርጥበት እየሰበሰበ የህንድን የዝናብ ወቅት ያመጣል። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ደግሞ ቀበቶው ወደ ደቡብ ይወርዳል። እኛ በጋ ላይ ሳለን ሲሸልስ ከሰሜን ምዕራብ የሚመጣውን ሙቅና እርጥብ ነፋስ ትቀበላለች።

እንግዲህ የእኛን የሠርግ ወር ከዚህ ጋር አስተያዩት። ጥር በፈረንጆቹ ከጃንዋሪ 9 እስከ ፌብሩዋሪ 7 ይውላል። በሲሸልስ ዋና ደሴት በማሄ ደግሞ ከወራት ሁሉ ዝናብ የሚበዛው በጃንዋሪ ነው፤ አውሮፕላን ማረፊያው አካባቢ በአማካይ ከ380 እስከ 400 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። አዲስ አበባ በነሐሴ እንኳ ይህን ያህል አታገኝም። በጁላይ፣ ማለትም በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ፣ ግን 80 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። እርግጥ የጥር ወር ዝናብም ብዙውን ጊዜ ወርዶ፣ ወርዶ ያባራና ፀሐይ ይወጣል። ተከታትሎ ለቀናት የሚቆይበት ጊዜ ግን አለ፤ የአምስት ቀን ጥቅል ጉዞ የገዛ ሰው ደግሞ የሚያካክስበት ቀን የለውም።

ማልዲቭስ ጥር ላይ የዚህ ተገላቢጦሽ ናት። ከሲሸልስ ከ2 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን ስላለች፣ ከጥር እስከ መጋቢት ከሰሜን ምሥራቅ ደረቅ ነፋስ ይደርሳታል። ዝናቧ ከግንቦት እስከ ኅዳር ነው። በአጭሩ፣ ለጥር ሙሽሮች ማልዲቭስ፣ በክረምት ልጆቹ ትምህርት ሲዘጉ ለሚወጣ ቤተሰብ ደግሞ ሲሸልስ ትሻላለች። ብዙ ጊዜ ግን ሁለቱም ስሞች በአንድ ወረቀት ላይ፣ በአንድ ዓይነት ሥዕል፣ ለአንድ ዓይነት ወር ሲሸጡ እናያለን።

በዝናቡ ወቅት ዋጋው ይቀንሳል ብሎ የሚገምት ሰው ካለ ይጠንቀቅ። የአልጋ ዋጋ የሚወጣው የማሄን ሰማይ አይቶ ሳይሆን የፓሪስንና የፍራንክፈርትን ብርድ አይቶ ነው። የሲሸልስ እንግዳ በብዛት አውሮፓዊ ስለሆነ፣ ከፈረንጆቹ ገና እስከ አዲስ ዓመታቸው ያለው ጊዜ ምንም ዝናባማ ቢሆን ከሁሉ ውድ ነው። ሳያውቁ የሚሄዱ የእኛ ሙሽሮች በዚያው ሰሞን ዋጋም ዝናብም በአንድ ላይ ይከፍላሉ።

ከፋሲካ በኋላ የሚያገቡ ግን ዕድለኞች ናቸው። በሚያዝያ፣ ከዚያም በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር፣ አንዱ ነፋስ ሄዶ ሌላው ሳይመጣ ባሕሩ ጸጥ ይላል። ውኃው ይጠራል፤ ዓሣና ኮራል ለማየት ለሚጠልቅ ሰው ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። ጉድለቱ ነፋስ የሌለበት ሙቀት መክበዱ ነው፤ ስለዚህ በእነዚህ ወራት ማቀዝቀዣ የሌለው ክፍል በርካሽ ተገኘ ብሎ መያዝ አያዋጣም።

ወሩ ብቻ አይበቃም፤ የትኛው ዳርቻ የሚለውም አለ። ሲሸልስ 115 ደሴቶች አሏት። አብዛኞቹ ዝቅ ያሉ የኮራል ደሴቶች ሲሆኑ፣ ሰው የሚኖርባቸውና እንግዳ የሚበዛባቸው ማሄ፣ ፕራስሊንና ላ ዲግ ግን ግራናይት ናቸው፤ አህጉራት ሲላቀቁ በውቅያኖሱ መካከል የቀሩ የየብስ ስባሪዎች። ማሄ ርዝመቷ 27 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ስፋቷ ከ8 የማይበልጥ ሆና፣ በመካከሏ 905 ሜትር ከፍታ ያለው ሞርን ሴሼልዋ የተባለ ተራራ ቆሟል። ተራራው ደመናውን አግዶ ስለሚያዘንብ ከፍ ያለው ስፍራ ከባሕሩ ዳር የበለጠ ይረጥባል። ነፋሱንም ስለሚከልል አንዱ ዳርቻ ሲናወጥ ሌላው ይረጋል።

በክረምታችን ወራት በማሄ ሰሜን ምዕራብ ያለው ቦ ቫሎን የተባለው ዳርቻ እንደ ኩሬ ይተኛል፤ ፕራስሊን ላይም አንስ ላዚዮ እንዲሁ። በጥር ግን ሞገዱ በቀጥታ ወደነዚሁ ሁለቱ ይመጣል፤ ያኔ ከተራራው ጀርባ በደቡብ ምሥራቅ ያለው አንስ ሮያል ይመረጣል። የደቡብ ምሥራቁ ነፋስ ሌላም ነገር ያመጣል፤ የባሕር አረም። ሞገዱ ከሥሩ ነቅሎ እንደ ፕራስሊኑ ግራንድ አንስ ባሉ ዳርቻዎች ላይ ይከምረዋል፤ ሲበሰብስም ይሸታል። ሆቴሎች በየማለዳው ቢጠርጉትም ማዕበሉ መልሶ ያመጣዋል። ሥዕሉ ላይ ነጭ አሸዋ ያየ ሰው ሲደርስ ተታለልሁ ይላል። ሥዕሉ ግን የተነሣው በሌላ ወር ነው። በላ ዲግ ያለው ሌላው ግራንድ አንስ ደግሞ በዚህ ወቅት ሰው ጎትቶ የሚወስድ ኃይለኛ ጅረት አለው፤ ዋና የሚችልም ቢሆን ሊገባበት አይገባም።

ስለዚህ ማሄ ላይ ለሚያርፍ ሰው መኪና መከራየት ወይም አውቶቡሱን መልመድ ጠቃሚ ነው። ጠዋት ነፋሱን አይቶ ተራራውን ተሻግሮ ወደ ረጋው ዳርቻ መሄድ ይቻላል። መንገዱ ጠባብ፣ ዳገታም፣ በየቦታው መከላከያ የሌለው ነው። የሚነዳውም እንደ እኛ በቀኝ ሳይሆን በግራ ነው፤ መሪ ከመጨበጥ በፊት ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ከማሄ ወደ ፕራስሊን ፈጣኑ ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ከፕራስሊን ላ ዲግ 15 ደቂቃ ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባሕሩ ስለሚናወጥ ብዙ ሰው ያስመልሰዋል። የማቅለሽለሽ መከላከያ ክኒን የሚሠራው ከመነሳት ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ሲወሰድ እንጂ ማቅለሽለሽ ከጀመረ በኋላ አይደለም። ጀልባው ውስጥ ከታች፣ ወደ ኋላና ወደ መሐል መቀመጥ ይሻላል፤ ፊት ለፊቱ ከሁሉ በላይ ይነጥራል። ትልቁ ስሕተት ግን ከፕራስሊን በጀልባ ተነስቶ በዚያው ቀን አዲስ አበባ የሚመለሰውን አውሮፕላን ለመያዝ መሞከር ነው። ጉዞው በባሕሩ ምክንያት ከዘገየ አውሮፕላኑ አይጠብቅም። የመጨረሻዋን ሌሊት ማሄ ማደር ነው።

አውሮፕላን ማረፊያው ራሱ የመልክዓ ምድሩ ውጤት ነው። በተራራማው ደሴት ላይ ሜዳ ስላልተገኘ ማኮብኮቢያው የተሠራው በምሥራቅ ጠረፍ የኮራሉን ጥልቀት የለሽ ውኃ በመሙላት ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 እስኪከፈት ድረስ ሰው የሚደርሰው ከሞምባሳ ወይም ከቦምቤይ በመርከብ ነበር፤ ቱሪዝም የሚባል ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል። በ2019 የጎብኚው ቁጥር ከ380 ሺህ አለፈ፤ የሕዝቡ ቁጥር ደግሞ ያን ጊዜ 100 ሺህ ገደማ ነበር። የርቀትን ጉልበት ለማየት በፓስፊክ ውቅያኖስ ያለችውን የደሴት አገር ቱቫሉን መመልከት ነው። እዚያም ኮራል፣ እዚያም ነጭ አሸዋ አለ፤ ግን ከፊጂ በሳምንት ጥቂት በረራ ብቻ ስለሚደርሳት የዓመቱ ጎብኚ ጥቂት ሺህ ነው። እኛ ከማሄ የምንርቀው በቀጥታ በረራ አራት ሰዓት ያህል ነው፤ ይህ ቀላል ዕድል አይደለም።

ዋጋው ለምን እንደሚከብድ የሚጠይቁም ብዙ ናቸው። የሲሸልስ ጠቅላላ የብስ 455 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያም ግማሽ ያህሉ የተጠበቀ ክልል ነው። ምግቡም ነዳጁም በአብዛኛው በመርከብና በአውሮፕላን ይገባል። ከሁሉ የሚገርመው ውኃው ነው። ያን ያህል እየዘነበ ውኃ ያጥራል፤ ግራናይቱ ቁልቁለት ስለሆነ ዝናቡ ሳይሰርግ በፍጥነት ባሕር ይገባል። ሮሾንና ላ ጎግ የሚባሉት ግድቦች በደረቁ ወቅት ስለማይበቁ የባሕር ውኃ ጨው እየተወገደለት ይሰራጫል። በሐምሌና በነሐሴ አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ የሚይዝ ሰው ታንከር እንዳላቸው ይጠይቅ።

ማልዲቭስ ደግሞ ተራራ ቀርቶ ኮረብታ የላትም። 1,192ቱ ደሴቶች በአማካይ ከባሕሩ በላይ ያላቸው ከፍታ 1.5 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ነፋሱን የሚከልል ስለሌለ በዝናብ ወቅት ሸሽቶ የሚሄዱበት ጀርባ የለም፤ ስለዚህ እዚያ ከዳርቻው ይልቅ ወሩ ይወስናል። ደሴቶቹ ትንንሽ ስለሆኑ ኩሩምባ እ.ኤ.አ. በ1972 ከተከፈተ ወዲህ የተለመደው አንድ ደሴት ላይ አንድ ሪዞርት መሥራት ነው፤ እያንዳንዱ የራሱ ጄኔሬተርና የራሱ የውኃ ማጣሪያ ይኖረዋል። ማጣሪያ ሲበላሽ ምን እንደሚሆን ዋና ከተማዋ ማሌ በዲሴምበር 2014 እ.ኤ.አ. አይታለች፤ ፋብሪካው ተቃጥሎ የመጠጥ ውኃ ከህንድ በአውሮፕላንና በመርከብ ተጫነላት። ለተጓዡ የሚጠቅመው ሌላው ነገር፣ ራቅ ወዳሉት ሪዞርቶች የሚወስደው በውኃ ላይ የሚያርፍ አውሮፕላን የሚበረው በቀን ብርሃን ብቻ መሆኑ ነው። ከቀትር በኋላ ዘግይቶ ማሌ የሚደርስ ሰው እዚያው ያድራል፤ የዚያ ሌሊት ሆቴል በጥቅሉ ውስጥ መኖሩን አስቀድሞ ማረጋገጥ ይገባል።

ለሲሸልስ አንድ ትልቅ መልካም ነገር መጨመር አለብን። ለምድር ወገብ በጣም ስለቀረበች ማሄ ከአውሎ ነፋስ መንገድ ውጪ ናት። ፋንታላ የተባለው እ.ኤ.አ. በ2016 የመታው በስተደቡብ ርቀው ያሉትን የፋርኳር ደሴቶች ነው። ሞሪሺየስ ግን በእኛ ጥርና የካቲት በአውሎ ነፋስ ወቅት ውስጥ ነች። ሲሸልስንና ማልዲቭስን የሚከላከለው ግን ሰማዩ ብቻ አይደለም፤ ኮራሉም ነው። ማዕበሉን የሚሰብረውም፣ አሸዋውን የሚሠራውም እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የባሕሩ ሙቀት ከፍ ሲል በሲሸልስ ውስጠኛ ደሴቶች ዙሪያ ከነበረው ሕያው ኮራል 90 በመቶ ያህሉ ሞተ፤ በ2016 እንደገና ተመታ። ኮራል ላይ አትቁሙ ሲባል የሥነ ሥርዓት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የተረፈውንና እያገገመ ያለውን መርገጥ ነው።

ማስታወቂያ ለሚያወጡ የጉዞ ወኪሎች ጋዜጣችሁ አንድ ነገር ቢጠይቅልን እንወዳለን፦ ከዋጋው አጠገብ ወሩን፣ በዚያ ወር ነፋሱ ከየት እንደሚመጣና ሆቴሉ በየትኛው ዳርቻ እንዳለ ይጻፉ። ሦስት መስመር ይበቃል።

ተጓዦችም የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳቸውን አይርሱ። ኢትዮጵያ በሽታው ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስለሆነች ሁለቱም አገሮች ይጠይቁታል፤ ካርዱ የሚጸናውም ከተከተቡ 10 ቀን በኋላ ነው። ሠርጉ ካለቀ በማግስቱ ለሚበር ሙሽራ መከተቢያው ጊዜ ከሽምግልናው ሰሞን ጀምሮ ነው። ሲሸልስ ለሚሄድ ደግሞ በኢንተርኔት የሚሞላ የመግቢያ ፈቃድ፣ የመመለሻ ቲኬትና የተያዘ ማረፊያ ማስረጃ ይፈለጋል።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢዎች
አዲስ አበባ